ማራና ሴሬንጌቲን በአንድ ጉዞ፦ መጀመሪያ ኬላውን ምረጡ

ካርታ ላይ ስታዩት ነገሩ ቀላል ነው። የኬንያው ማሳይ ማራና የታንዛንያው ሴሬንጌቲ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሜዳዎች ናቸው። መሃላቸው አጥር የለም። እንስሳቱ ያለ ፓስፖርት ይመላለሳሉ። ሰው ግን በዚያ አያልፍም። በማራ በኩል ሳንድ ሪቨር፣ በሴሬንጌቲ በኩል ቦሎጎንጃ የሚባሉት በሮች ድሮ መኪና ያሳልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የቀድሞው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ ታንዛንያ ድንበሯን ዘጋች። ድንበሩ በ1983 ተከፈተ፤ ያ መንገድ ግን ለቱሪስት እንደተዘጋ ቀረ።

ይህን የማወራው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ዋጋ ስናጠያይቅ አንድ አስጎብኚ ድርጅት «ከማራ ቀጥታ ሴሬንጌቲ ትገባላችሁ፣ ሩቅ አይደለም» ብሎ ጻፈልን። የላከው ፕሮፎርማ ላይ የኬላ ስም የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ዓይነት ፕሮፎርማ ከደረሳችሁ ብዙ አትድከሙበት፣ ወደ ሌላው እለፉ።

የሁለት አገር ሳፋሪ ስታቅዱ ከሎጁም ከአንበሳውም በፊት የሚወሰነው የምትሻገሩበት ቦታ ነው። እሱ ከታወቀ የቀኑ ብዛት፣ የመኪናው ጉዳይ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ሁሉ መልክ ይይዛል። እኛ አምስት ነበርን። እኔና ባለቤቴ፣ የ16 ዓመት ልጃችን፣ እናቴ፣ ከአሜሪካ መጥታ ናይሮቢ ላይ የተቀላቀለችን እህቴ።

መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ናማንጋ ነው። ከናይሮቢ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ኬላው ላይ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ እስከ ታንዛንያዋ አሩሻ ከተማ 110 ያህል ይቀራል። አስፋልት ነው፣ የሁለቱም አገር ኢሚግሬሽን አንድ ላይ ይሠራል። ኪሊማንጃሮ ተራራን ከጀርባ አድርጎ ዝሆን ለማየት የኬንያው አምቦሴሊ ፓርክ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ከማራ ለሚመጣ ግን ጣጣ አለው። ወደ ናይሮቢ አቅጣጫ ተመልሳችሁ፣ በአሩሻ ዞራችሁ ነው ሴሬንጌቲ የምትገቡት። ከእንስሳ ይልቅ አስፋልት ስታዩ ትውላላችሁ።

ሌላው ኢሴባኒያ ነው። ከማራ በስተምዕራብ ይገኛል። የታንዛንያው ወገን ሲራሪ ይባላል። ከሲራሪ በታሪሜ አድርጋችሁ ወደ ሙጉሙ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ኢኮማ በሚባለው በር ሴሬንጌቲ ትገባላችሁ። ፒስታ አለበት፣ አቧራው አይጣል ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይበላል። ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም። እኛ የመረጥነው ይህን ነው፤ ዛሬም ብሄድ እሱኑ ነው የምመርጠው።

ሦስተኛው በትንንሽ አውሮፕላን ነው። ከማራ ወደ ሚጎሪ ትበራላችሁ፣ ድንበሩን በመኪና ትሻገራላችሁ፣ ከታሪሜ ደግሞ ወደ ሴሬንጌቲ ትበራላችሁ። ጊዜ ይቆጥባል፣ ኪስ ያራቁታል። ሻንጣም በአብዛኛው ከ15 ኪሎ አይበልጥም፤ እሱም ለስላሳ ቦርሳ መሆን አለበት። እናቴ ለሁለት ሳምንት ስትወጣ የምትይዘውን ሻንጣ ስለማውቅ ይህን አማራጭ አላነሳሁባትም።

በመኪና ከሆነ አንድ ነገር ይግባችሁ። ኬላው ላይ መኪናም ሹፌርም ይቀየራል። የኬንያ አስጎብኚ መኪና የታንዛንያ ፓርክ ገብቶ አያስጎበኝም። ስለዚህ አንድ ድርጅት «ሁሉንም እኔ እይዘዋለሁ» ቢላችሁም በተግባር ሁለት ድርጅቶች ናቸው። ጠይቁ፦ ወዲያ ማዶ የሚጠብቀን መኪና የማን ነው? የሹፌሩ ስም ማን ይባላል? ስልኩስ? እኛ ብንዘገይ ስንት ሰዓት ድረስ ይጠብቃል? ደህና ድርጅት ይህን በአንድ ቀን ይመልሳል።

ትኬቱንም በዚሁ ልክ ቁረጡ። ወደ ናይሮቢ ገብታችሁ፣ በታንዛንያ በኩል ካለው ከኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ማረፊያ ውጡ። ከአዲስ አበባ ወደ ሁለቱም በረራ አለ። ደርሶ መልስ በናይሮቢ ይረክሳል ብሎ ታንዛንያ ዘልቆ እንደገና መመለስ፣ በቀንና በነዳጅ ሲሰላ ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ወቅቱ። ሁሉም ሰው የሚያወራለት ትልቁ ፍልሰት ዊልደቢስት የሚባለው ጢማም፣ ቀንዳም እንስሳ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ፣ የሜዳ አህያና ሚዳቋ አስከትሎ፣ ሣርና ዝናብ ተከትሎ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት በደቡብ ሴሬንጌቲ፣ ንዱቱ በሚባለው ሜዳ ይወልዳል። ዝናቡ ሲያበቃ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል። ሰኔ ላይ ግሩሜቲ ወንዝ አካባቢ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የማራን ወንዝ ወዲያና ወዲህ ይሻገራል። ኅዳር ላይ ወደ ደቡብ ይመለሳል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሐምሌና ነሐሴ ይመቻል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እኛ ጋ ክረምቱ ሲያለቅስ እዚያ ደረቅ ነው። ችግሩ ፈረንጁም በዚያው ሰሞን ነው የሚመጣው። ማራ ለውጭ ዜጋ፣ በፈረንጁ አቆጣጠር፣ ከጥር እስከ ሰኔ 100 ዶላር የነበረው መግቢያ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 200 ይሆናል። በሰው፣ በቀን። ቀን ሲባል ደግሞ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ፓርኩ ውስጥ ካደራችሁ በምትወጡበት ቀን እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት በሩን መልቀቅ አለባችሁ፤ ካለፈ የሌላ ቀን ሂሳብ ነው። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ከመክፈላችሁ በፊት የወቅቱን አረጋግጡ።

«ጎረቤት አይደለንም እንዴ? ቅናሽ የለንም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ብያለሁ። የምሥራቅ አፍሪካ ዜጋ የሚባለው ዋጋ ኋላ እንደገና ለተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች ብቻ ነው። ኮንጎና ሶማሊያ ሳይቀሩ ገብተዋል፤ እኛ የለንበትም። ማራም ሴሬንጌቲም ላይ የከፈልነው እንደ ማንኛውም ፈረንጅ ነው።

ሴሬንጌቲ በሌላ ስሌት ይሄዳል። ለአዋቂ 70 ዶላር ነው፤ 18 በመቶ ቫት ሲጨመር 82.60። ትኬቱ ለ24 ሰዓት ያገለግላል፣ ከገባችሁበት ደቂቃ ጀምሮ። ከሴሬንጌቲ ቀጥሎ ያለው ንጎሮንጎሮ፣ እሳተ ገሞራ የሠራው ትልቅ ጉድጓድ ያለበት ክልል፣ 60 ነው፣ ከነቫቱ 70.80። ወደ እሳተ ገሞራው ጉድጓድ ለመውረድ ደግሞ ለአንድ መኪና ለአንድ ጊዜ 295 ዶላር ይጠየቃል። ይህ የመጨረሻው በመኪና ስለሆነ ሰው በበዛ ቁጥር ይቀላል። ሁለት ሆናችሁ ከሆነ የምትሄዱት ጓደኛ ፈልጉ።

የልጅ ዕድሜም ያምታታል። ማራ እስከ 17 ዓመት ያለውን ልጅ ይለዋል፣ 50 ዶላር ያስከፍለዋል። ሴሬንጌቲ ልጅነት በ15 ያበቃል። የእኛ ጎረምሳ ኬንያ ላይ ልጅ ነበር፣ ድንበር ሲሻገር ሙሉ ሰው ሆነ። እሱ በጣም ደስ አለው፣ አባቱን እንጃ።

ፕሮፎርማ ስትቀበሉ እነዚህ መግቢያዎች አንድ በአንድ ተዘርዝረው ይምጡ። ፓርክ ውስጥ ለማደር የሚከፈለው፣ ኮንሴሽን የሚሉት ክፍያም አለ። «መግቢያ ተካቷል» ብቻ ተብሎ ከታለፈ ኋላ በር ላይ ጭቅጭቅ ነው።

ብር ለጠበበው አንድ ሐሳብ ልስጥ። የወንዙን መሻገሪያ ከታንዛንያ በኩልም ማየት ይቻላል። ኮጋቴንዴ የሚባለው የሰሜን ሴሬንጌቲ አካባቢ ያው የማራ ወንዝ ዳር ነው፣ ያው እንስሳ ነው፣ መግቢያው ግን ከግማሽ በታች ነው። መኪናም ያንሳል። በመኪና ከአሩሻ ሩቅ መሆኑና የአልጋው ውድነት ያስቸግራል። ሁለት አገር ማየት ግድ ካልሆነባችሁ ግን አስቡበት።

ወረቀት ላይ እናትኩር። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም። ታንዛንያ ያስፈልጋል። ኬላው ላይ እናወጣዋለን ብላችሁ አትነሱ። ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት አመልክቱ። መልሱ ሳይመጣ የማይመለስ ቀብድ ለማንም አትክፈሉ። እህቴ በአሜሪካ ፓስፖርት ስለሆነች ለኬንያ የኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ ሞላች፤ ለታንዛንያ 100 ዶላር ከፈለች። አንድ ቤተሰብ ሆነን ሁለት ዓይነት ፋይል ነበረን። «የምሥራቅ አፍሪካ የጋራ ቪዛ አለ» የሚላችሁ ሰው ካለ እውነቱን ነው። ግን እሱ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለሩዋንዳ ነው። ታንዛንያ የለችበትም።

ቢጫ ካርድ እንዳትረሱ። ኢትዮጵያም ኬንያም የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለሚቆጠሩ ታንዛንያ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ካርዱ 10 ዓመት አልፎታል ብላችሁ ደግሞ ደግማችሁ አትወጉ፤ ከ2016 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ለዕድሜ ልክ ነው የሚያገለግለው። የወባ መከላከያ መድኃኒትም ሐኪም አማክራችሁ ያዙ። የአዲስ አበባ ሰው ወባን ከስሙ በቀር አያውቃትም።

ዶላር ስትይዙ አሮጌውን፣ ፎቶው ትንሽ የሆነውን አትቀበሉ፤ እዚያ ማንም አይወስድላችሁም። እና ፌስታል! ኬንያ በ2017፣ ታንዛንያ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ፌስታል ከልክለዋል። እናቴ ቆሎውን፣ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን በየፌስታሉ ቋጥራ ነበር። ከቤት ሳንወጣ ሁሉንም በጨርቅ ከረጢት ገለበጥነው። በኬንያ ፓርኮች ውስጥ አንዴ ተጠጥቶ የሚጣል የፕላስቲክ ውሃም አይፈቀድም፤ ኮዳ ያዙ።

ቆሎው ለወግ አልነበረም። ነሐሴ መግቢያ ላይ ስለነበርን ፍልሰታ ነው፤ እናቴ ትጾማለች። ለሎጆቹ ቀድሜ ጽፌ ነበር፦ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። አራቱንም ዘርዝሩ። «ሥጋ አትበላም» ብቻ ካላችሁ ኦምሌት ነው የሚመጣው። ቦሎቄ፣ በዘይት የተጠበሰ ቻፓቲ፣ ሱኩማ የሚሉት ጎመናቸው፣ ኡጋሊ፣ ሙዝና አቮካዶ በየቦታው አለ። ጎመኑን ወደደችው። ኡጋሊውን «ገንፎ ነው፣ ግን ሰው አልደረሰለትም» ብላ ለልጁ ሰጠችው።

ሌላም ያቀላጠፋት ነገር ነበር። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ይላሉ። ሹፌራችን በእንግሊዝኛ «በስድስት እንነሳለን» ሲል እህቴ ስልኳን ትሞላለች፣ እናቴ «በእኩለ ቀን ምን ልናይ ነው?» ትላለች። ኋላ በስዋሂሊ እንዲነግራት ነገርነው፣ ችግሩ ተፈታ። ቀጠሮ ስትይዙ ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ። የበር መክፈቻና መዝጊያ የሚጻፈው በፈረንጁ ነው።

ማራ ላይ ስለ ወንዙ ያለኝ ምክር አንድ ነው፦ ታገሡ። ሹፌራችን ከዳሩ ራቅ አድርጎ አቆመን። ማዶ ላይ መንጋው እየተገፋፋ ወደ ገደሉ አፋፍ ይመጣል። የፊተኛው ውሃውን ያሸትታል። አንገቱን ይሰብቃል። ከዚያ ምን እንዳየ እንጃ፣ ደንብሮ ይመለሳል፣ ሺው ሁሉ ተከትሎት አቧራ ሆኖ ይጠፋል። እንደገና ይመጣሉ። እንደገና ይመለሳሉ። ከእኛ በታች አሸዋው ላይ አባ ኮዳዎች ቆመዋል፤ ያው ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የምታውቋቸው። ከትናንት በስቲያ የሰጠመው ይሸታል። ብዙ መኪና ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ልጁም «እንሂድ» ማለት ጀመረ። ድንገት ጥቂት የሜዳ አህዮች ሰተት ብለው ገቡ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው! ዊልደቢስቱ እየዘለለ ተከተለ፤ ጩኸቱ፣ የሰኮናው ድምፅ፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ መናጡ። አዞ አንዱን ኋላ እግሩን ይዞ አየነው። ታገለ፣ ወጣም። እናቴ አጨበጨበች። ሹፌሩ ዝም እንድትል በምልክት ሲለምናት ይታየኛል።

ሌሎች ሹፌሮች ግን ገና እንስሳው ሳይገባ አፋፉ ድረስ ነድተው መውጫውን ይዘጉበታል። የእናንተ ሹፌር እንዲህ እንዳያደርግ ቀድማችሁ ንገሩት። እንግዳው ካልጠየቀ እሱም ለጉርሻው ሲል ይሽቀዳደማል። ትሪያንግል የሚባለው፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው የማራ ምዕራባዊ ክፍል ሥርዓቱ ጠበቅ ያለ ነው፣ ለኢሴባኒያም ይቀርባል። የመጨረሻዋን ሌሊት እዚያ አካባቢ ማደር ያዋጣል።

የድንበሩ ቀን ላይ ሌላ ነገር አትጫኑ። ኢሴባኒያ የከባድ መኪና፣ የሞተር ሳይክል፣ የገንዘብ መንዛሪ ግርግር ነው። ገንዘብ መንገድ ላይ አትመንዝሩ። ፓስፖርቱን ራሳችሁ ያዙ፤ «ቶሎ ላስጨርስላችሁ» ባይ አይጠፋም፣ አያስፈልግም። መውጫ ማህተም፣ ቢጫ ካርድ፣ ቪዛ፣ መግቢያ ማህተም፣ አለቀ። የኬንያው ሹፌር ሻንጣውን ለታንዛንያው አስረከበ፣ ሁለቱ እየተሳሳቁ የእናቴን ሻንጣ ለሁለት ተሸከሙት። ጉርሻ እዚሁ ነው የሚሰጠው። ሁለት ሹፌር ሁለት ጉርሻ ስለሆነ በጀቱን ለመጨረሻው ቀን ብቻ አታስቀምጡት።

ያን ቀን ማታ ሴሬንጌቲ አትግቡ። ከኢኮማ በር ውጭ እደሩ። አመሻሽ ላይ ከገባችሁ 24 ሰዓቱ ጨለማ እየቆጠረ ያድራል። እኛ በማግስቱ በጠዋት ገባን፤ የከፈልንበት ሰዓት በብርሃን ጀመረ። ከኢኮማ የሴሬንጌቲ መሃል ወደሆነው ሴሮኔራ ሲኬድ የቆላ ዝንብ፣ ጸጸ የሚሉት፣ መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ ይስበዋል። ዛፍ ላይ የተሰቀሉት ሰማያዊና ጥቁር ጨርቆች ራሳቸው ወጥመድ ናቸው። ጎረምሳው ጥቁር ሹራቡን አላወልቅም ብሎ የደረሰበትን እሱ ይንገራችሁ።

በነሐሴ ወር በሴሬንጌቲ መሃለኛው ክፍል ብዙ ዊልደቢስት አትጠብቁ፤ ሰሜን ነው ያለው። ነብርና አንበሳው ግን ቤቱ ነው፣ የትም አይሄድም። ሴሮኔራ ወንዝ ዳር ያሉትን ዛፎች ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን እያያችሁ በዝግታ ሂዱ። እኛ ነብሩን ያየነው በጅራቱ ነው።

ከሴሬንጌቲ በናቢ ሂል በር ወጥታችሁ ንጎሮንጎሮ ትገባላችሁ። እዚያም ሰዓት አስሉ። ከሰዓት ገብታችሁ አፋፉ ላይ አድራችሁ፣ በጠዋት ጉድጓዱን ጎብኝታችሁ፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ ከወጣችሁ አንድ መግቢያ ይበቃል። መንገድ ላይ የጥንት ሰው ቅሪት የተገኘበት ኦልዱቫይ ገደል አለ። በዚያው ክልል ላኤቶሊ የሚባል ቦታ 3.6 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ የድንቅነሽ ዘመዶች ዱካ ነው ተብሎ ይታመናል። ኦልዱቫይ ላይ ሙዚየም አለ፤ ለአንድ ሰዓት ቢቆሙለት አይቆጭም።

አፋፉ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። የአዲስ አበባ የነሐሴ ብርድ ነው፤ ሳፋሪ ነው ብሎ ቁምጣ ብቻ የያዘ ሰው ሌሊቱን ያየዋል። ጋቢ ያዙ። ጉድጓዱ ውስጥ አውራሪስ የማየት ዕድላችሁ ከሌላው ቦታ የተሻለ ነው። እኛም ከሩቅ በመነጽር አየን። ቀጭኔ ግን አትፈልጉ፣ እታች አይወርድም።

ጉድጓዱን አይታችሁ በዚያው ቀን ለበረራ አትሩጡ። ከዚያ እስከ ኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ማረፊያ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አሩሻ ከተማ ውስጥ ደግሞ መኪና ይዘጋጋል። አሩሻ እደሩ። መኪና ውስጥ ስታስቀምጧቸውም ትልልቅ ሰዎችን ኋላ ወንበር አታድርጓቸው፤ ፒስታው ወገብ ይሰብራል። እናቴ ከሲራሪ ጀምሮ ጋቢና ነበረች። የስዋሂሊ ቁጥር እስከ ሃያ የለቀመችውም እዚያው ነው።